ወርቁ በገሃድ፥ ስፍራው በስውር

ወርቅ ባገኘ ሰው ልብ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ፈቃዶች ያድራሉ፤ አንደኛው ያገኘውን ለባልንጀራው አሳይቶ መደነቅ፥ ሁለተኛው ያገኘበትን ስፍራ ከዚያው ከባልንጀራው ሰውሮ በማግሥቱ ለብቻው መመለስ ነው። በወንጌል የተነገረለት፥ በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ ያገኘው ሰው እንኳ፥ ደስታው ልቡን ሞልቶት ሳለ፥ አስቀድሞ ያደረገው ነገር መዝገቡን መልሶ መሸሸግ ነበረ፤ ያለውን ሁሉ ሸጦ እርሻውን እስኪገዛ ድረስ ምስጢሩን ለማንም አልተነፈሰም።

በዚህ ምዕራፍ የምናነሣቸው ወርቅ ፈላጊዎች ግን እርሻውን ለመግዛት የሚያስቡ አይደሉም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ አስተማሪ፥ የቧንቧ ሠራተኛ ወይም የጭነት መኪና ነጂ ሆነው የሚውሉ፥ አንዳንዶቹም በጡረታ ላይ ያሉ፥ ነገር ግን የዕረፍት ቀናቸው ሲደርስ የወርቅ ማጠቢያ ሳሕን ወይም ዲቴክተር የሚባለውን የብረት መፈለጊያ መሣሪያ በመኪናቸው ጭነው ወደ ጫካና ወደ ወንዝ ዳር የሚወጡ የአውስትራልያና የአሜሪካ ሰዎች ናቸው። በአዶላና በሻኪሶ፥ በቤኒሻንጉልና በጋምቤላው ዲማ ወርቅ ማጠብ የዕለት እንጀራ ለሆነበት ለአገራችን አንባቢ እንዲህ ያለው ፈላጊ እንግዳ ፍጥረት ሆኖ ሊታየው ይችላል፤ ልጆቹን ለማብላት ሳይቸገር፥ ልቡን ለማሳረፍ ሲል ብቻ መሬት የሚቆፍር ሰው ነውና። ይሁን እንጂ ይህም ሰው በሕዝብ ፊት መቆም ግድ ይሆንበታል፤ የሚቆፍረው መሬት በአብዛኛው የሕዝብ ደን ወይም የሕዝብ ወንዝ ስለ ሆነ፥ ፈቃዱ የሚጸናውም የሚሻረውም ሕዝቡ ስለ እርሱ ባለው አስተያየት መጠን ነው። ታዲያ ራሱን ለጋዜጠኛውና ለሕዝቡ የሚያቀርበው እንዴት ነው ብለን የነገሩን ታሪክ ስንመረምር አንድ የሚያስገርም ጉዳይ እናገኛለን፤ ስለ ወርቅ ፈላጊው በአደባባይ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ወርቅ ፈላጊው ራሱ አይደለም፤ ዕቃ የሚሸጥለት ሰው ነው።

የዚህ ልማድ ሥር ቢያንስ እስከ 1848 ዓ.ም. ይደርሳል (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ጥር 24 ቀን፥ በካሊፎርንያ ኮሎማ በምትባል ስፍራ፥ ጄምስ ማርሻል የተባለ አናጢ ለጆን ሳተር ይሠራው ከነበረው የእንጨት መሰንጠቂያ በታች፥ በውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ባየ ጊዜ፥ ሳተር መሬቱና ሠራተኛው ከእጁ እንዳይወጣ ፈርቶ ነገሩ በምስጢር እንዲያዝ ፈለገ። ምስጢሩን በገሃድ ያወጣው ሳሙኤል ብራናን ነው። ይህ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ የጋዜጣ ባለቤት፥ በሳተር ምሽግ ደግሞ የሱቅ ባለቤት ነበረ፤ ስለዚህም አካፋውንና ሳሕኑን ከየስፍራው ገዝቶ በመጋዘኑ ካከማቸ በኋላ፥ በግንቦት ወር የወርቅ ብናኝ የተጨመረበትን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ይዞ በከተማይቱ ጎዳና ላይ እየተመላለሰ፥ ከአሜሪካን ወንዝ ወርቅ መገኘቱን በታላቅ ድምፅ ዐወጀ። በታኅሣሥ ወር ፕሬዚዳንት ፖልክ ወሬውን በምክር ቤት ፊት ካረጋገጡት በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 300,000 የሚያህል ሕዝብ ወደ ካሊፎርንያ ጎረፈ። ብራናን አንድ ጉድጓድ እንኳ ሳይቆፍር ባለጸጋ ሆነ፤ ወርቁን መጀመሪያ ያየው ማርሻል ግን በ1885 ሲሞት የሚበቃ ጥሪት አልነበረውም። ጠርሙሱን የያዘው ሰውና አካፋውን የሚሸጠው ሰው አንድ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ፊት በተለያየ ልብስ ደጋግመን እናገኘዋለን።

በአውስትራልያ የቪክቶርያ ክፍለ ሀገር በ1869 የካቲት 5 ቀን፥ ሞሊያጉል በተባለው መንደር አጠገብ፥ ጆን ዲሰንና ሪቻርድ ኦትስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከመሬት ገጽ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ፥ በዛፍ ሥር ተጋድሞ የነበረ፥ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ንጹሕ ወርቅ የወጣለት ትልቅ ጓል አገኙ። ዌልካም ስትሬንጀር የሚል ስም የተሰጠው ይህ ጓል እስከ ዛሬ በዓለም ከተገኙት ሁሉ ታላቁ ነው ይባላል። ነገር ግን በዱኖሊ ከተማ የነበረው ሚዛን ሊሸከመው ስላልቻለ፥ በአንጥረኛ መስፍ ላይ ተሰባብሮ ተመዘነ፤ ሳይሰበርም ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው አልተገኘም። እነዚያ ሰዎች በሥራቸው የሚኖሩ ቆፋሪዎች ነበሩና ገንዘቡ እንጂ ትእይንቱ አላሳሰባቸውም። እነሆ ዛሬ ያንን ጓል የሚያሳየን ከመታሰቢያው ምሰሶና በአምሳያው ከተሠራው ቅርጽ በቀር ብዙም የለም።

ከ111 ዓመት በኋላ ሁኔታው ፈጽሞ ተለውጦ ነበር። በ1980 መስከረም 26 ቀን፥ ከሞሊያጉል ብዙም በማትርቀው በኪንጋወር አጠገብ፥ አንድ ሰው በዲቴክተር ሲፈልግ ሳለ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በማይበልጥ ጥልቀት ላይ ቆሞ የተቀበረ፥ 875 አውንስ ማለት 27 ኪሎ ግራም የሚያህል የወርቅ ጓል አገኘ፤ ሃንድ ኦፍ ፌይዝ፥ ማለት የእምነት እጅ፥ ተብሎ ተሰየመ። ነገሩ በሜልቦርን በቴሌቪዥን ፊት ለጋዜጠኞች በተገለጠ ጊዜ፥ ከመድረኩ የተናገሩት የክፍለ ሀገሩ መሪ ዲክ ሃመርና መሣሪያውን የሚነግደው ሰው ነበሩ። ያገኘው ሰው ማን እንደ ሆነና በትክክል የት እንዳገኘው ግን በዚያን ቀን ተድበስብሶ ታለፈ። መንግሥት የአገሩን በረከት አሳየ፤ ነጋዴውም የመሣሪያውን ኃይል አሳየ፤ ባለቤቱ ደግሞ ስሙንም ስፍራውንም ጠብቆ በቤቱ ተቀመጠ። ጓሉ በላስ ቬጋስ ላለው ጎልደን ነጌት ለተባለው ሆቴልና የቁማር ቤት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ተሸጠ፤ በዚያም በመስተዋት ውስጥ ሆኖ ለመንገደኛው ሁሉ ይታይ ጀመር። ወርቁ ለዘወትር በገሃድ፥ ስፍራው በስውር እንዲቀመጥ የተደረገበትን ሥርዓት ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ሥርዓት ዛሬም አልተለወጠም። በ2013 ጥር ወር በባላራት አጠገብ 5.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጓል በተገኘ ጊዜ ወሬው በዓለም ሁሉ የተበተነው ከአንድ የወርቅ ሱቅ ነው፤ ጓሉን በእጁ ይዞ ፎቶግራፍ የተነሣው ባለ ሱቁ ሲሆን፥ ያገኘው ሰው ስሙ አልተገለጠም። በ2023 ደግሞ በዚያው በቪክቶርያ አንድ ሰው በርካሽ ዲቴክተር ያገኘውን 4.6 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ በከረጢት ይዞ ወደ ጂሎንግ ከተማ ወደ አንድ የወርቅ ነጋዴ ሄደ፤ ድንጋዩ ሲመረመር 2.6 ኪሎ ግራም ወርቅ በውስጡ ተገኘ፤ ዋጋውም 240,000 የአውስትራልያ ዶላር ተገመተ። አሁንም ለጋዜጠኛው የተናገረው ነጋዴው ነው፤ ያገኘው ሰው ስሙን ሳይናገር ሄደ። በዚህ ነጋዴዎቹን በሐሰት ልንከሳቸው አንችልም፤ ወርቁም ሚዛኑም እውነተኛ ነውና። ባለ ወርቁም ዝም ማለቱ አይፈረድበትም፤ ስሙ በጋዜጣ ቢወጣ ዘመዱና ሌባው አብረው ደጁን ያንኳኳሉ፥ ስፍራው ቢታወቅም በማግሥቱ ሌላው ፈላጊ ሁሉ ዲቴክተሩን ይዞ ይሰለፍበታል። ዛሬማ በእጅ ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ስፍራ በውስጡ መዝግቦ ስለሚይዝ፥ ብልሆቹ ፈላጊዎች ያንን መዝገብ ይሰርዛሉ፥ በስተ ኋላ የሚታየውንም ኮረብታ ይቈርጡታል፤ ለሕዝብ የሚቀርበው ወርቅ የተቀመጠበት አንድ መዳፍ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ሁሉም ለየራሱ እንዲህ ትክክል ሲሠራ፥ ከዚህ ሁሉ የሚጠራቀመው ሥዕል ትክክል ሳይሆን ይቀራል። ሕዝቡ ዘወትር የሚያየው ታላቁን ጓል ነው፤ ሺህ ጊዜ ወጥቶ ባዶ እጁን የሚመለሰውን ሰው የሚያይበት መስኮት የለውም።

እንግዲህ ይህ የማይታየው ሰው በእውነት ምን ሠርቶ እንደሚውል በቅርብ እንመልከተው። በቪክቶርያ ቀይ መሬት ላይ፥ በባሕር ዛፉ መካከል፥ የመሣሪያውን ክብ ሰሌዳ ከመሬት ሳያነሣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያወዛወዘ በዝግታ ይራመዳል፤ በጆሮው ማዳመጫ ውስጥ ያለማቋረጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ የሚጠባበቀው ያ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ የሚልበትን ቅጽበት ነው። ድምፁ ሲለወጥ ቆም ብሎ የላዩን አፈር በጫማው ገለል ያደርጋል፤ እንደገና ያዳምጣል፤ ከዚያ በዶማው እጀታ ጫፍ በተጣበቀው ማግኔት አፈሩን ይዳስሳል። ምስማር ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ከሆነ ማግኔቱ ይስበዋል። ካልሳበው ልቡ ትንሽ ይመታል፤ አፈሩን በፕላስቲክ ጭልፋ ያፍስና በሰሌዳው ፊት ያሳልፈዋል፤ ከጮኸ ግማሹን ያፈስሳል፥ የቀረውንም እንደገና ያሳልፋል፤ እንዲህ እያለ ግማሹን ከግማሹ እየለየ በመጨረሻ በመዳፉ ላይ አንድ ፍሬ ነገር ይቀራል። ያም በአብዛኛው የጥይት እርሳስ ነው። እርሳስ ማግኔት የማይስበው፥ በድምፁም ወርቅን የሚመስል ስለ ሆነ፥ የፈላጊው ዋነኛ ፈታኝ እርሱ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ በ1850ዎቹ ቆፋሪዎች ጫማ ላይ የነበረ ምስማርና የቢራ ቆርቆሮ ክዳን ይመጣሉ። ብዙዎቹ ፈላጊዎች ይህን ሁሉ በኪሳቸው ወይም በትንሽ ከረጢት ሰብስበው ይዘውት ይወጣሉ፤ እዚያው ቢጥሉት ነገ ሌላውን ሰው፥ ምናልባትም ራሳቸውን፥ እንደገና ያደክማልና። ከዚያም ጉድጓዱን ይደፍናሉ፤ ቅጠሉንም በላዩ ይመልሳሉ።

የጉድጓዱ መደፈን በጎ ልማድ ብቻ አይደለም፤ በቪክቶርያ ሕግ ግዴታ ነው። ማይነርስ ራይት የሚባለውን፥ ለ10 ዓመት የሚያገለግለውን ፈቃድ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ሰው፥ በተፈቀደለት መሬት ላይ ያገኘውን ወርቅ ለራሱ ሊያደርግ ይችላል፤ ነገር ግን በእጅ መሣሪያ ብቻ መቆፈር፥ የቆፈረውን መመለስ፥ የአገሩን ቀደምት ሕዝቦች ቅርሶች አለመንካት ይገባዋል። ይህ ፈቃድ በፈላጊዎቹ ዘንድ ከወረቀትነቱ ይልቅ እንደ ርስት ይቈጠራል፤ ምክንያቱም የመጣው በደም ነው። በ1851 መንግሥት በየቆፋሪው ላይ በወር 30 ሺልንግ ግብር ስለ ጣለ፥ ወርቅ ያገኘውም ያላገኘውም እኩል ይከፍል ስለ ነበረ፥ ምሬቱ እያደገ ሄዶ በ1854 ታኅሣሥ 3 ቀን በባላራት ዩሬካ በተባለው ስፍራ ቆፋሪዎቹ ከወታደር ጋር ተዋጉ፥ ብዙዎችም ወደቁ፤ በተከታዩም ዓመት በዓመት አንድ ፓውንድ ብቻ የሚከፈልበት፥ የመምረጥ መብትንም የሚያሰጥ አዲሱ ፈቃድ ታወጀ። የዛሬው ፈላጊ አዲስ ብሔራዊ መናፈሻ ተከልሎ ዲቴክተሩ እንዳይገባ ሊከለከል ነው የሚል ወሬ በሰማ ጊዜ፥ በጋዜጠኛው ፊት አስቀድሞ የሚያነሣው የዩሬካን ስም ነው። አባባሉ ልብ ይነካል፤ ይሁንና የዩሬካ ሰዎች የሞቱት ለእንጀራቸው ነበረና፥ ለመዝናኛው የሚሟገት ሰው የእነርሱን ካባ ሲደርብ መጠኑ ትንሽ የሚሰፋበት ይመስለኛል። የተደፈነው ጉድጓድና የተለቀመው እርሳስ ከዩሬካ ይልቅ ይሟገትለት ነበር። ነገር ግን የተደፈነ ጉድጓድ ፎቶግራፍ አይሆንም፤ በደንብ የተደፈነማ እስከ ናካቴው አይታይም።

የጥንቱን ካባ ስለ መደረብ ካነሣን፥ በዚያው በባላራት ከ1970 ጀምሮ ሶቨረን ሂል የሚባል፥ የ1850ዎቹን የወርቅ መንደር አስመስሎ የተሠራ ሙዚየም አለ። ቤቶቹ፥ ሠረገላዎቹ፥ የሠራተኞቹም ልብስ እንደ ዘመኑ ነው። ጎብኚው በትንሹ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሳሕን ይሰጠውና አሸዋ ያጥባል፤ ወንዙም ባዶ እንዳይሆን የሙዚየሙ ሰዎች የወርቅ ብናኝ ይጨምሩበታል። ስለዚህ የአገሩ ሕፃን ሁሉ ስለ ወርቅ ፈላጊ የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት ጢሙን ያሳደገ፥ ሰፊ ባርኔጣ የደፋ ሰው መልክ ነው፤ ሲያድግም በጫካ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ የደፋ ጡረተኛ ሲያገኝ ሊያውቀው አይችልም።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ሱቁና ልሳኑ ይበልጥ ተዋሕደው እናገኛቸዋለን። በ1968 በካሊፎርንያ ጆርጅ ማሲ የተባለ ሰው የአሜሪካን ወርቅ ፈላጊዎች ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩ አባላቱ እንዲፈልጉባቸው የማዕድን ይዞታዎችን ይሰበስባል፥ መጽሔት ያትማል፥ የወርቅ ትርዒት እያዘጋጀ መሣሪያ ሻጮችን ከፈላጊዎች ጋር ያገናኛል። ቤተ ሰቡ አልፎ በ1990ዎቹ ስለ አደን፥ ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ ወርቅ ፍለጋ የሚናገር አውትዶር ቻነል የተባለ የቴሌቪዥን ጣቢያ እስከ ማቋቋም ደረሰ። ብራናን ጋዜጣና ሱቅ ነበረው፤ እነዚህ ደግሞ ማኅበርና ቴሌቪዥን ነበራቸው። ይህን ስል ለማዋረድ አይደለም፤ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሁሉ ተራውን ፈላጊ በትዕግሥት ያሳየ ምናልባት ይህ ብቻ ነውና። በ2010 ታኅሣሥ ወር ዲስከቨሪ ቻነል ጎልድ ረሽ የተባለውን ዝግጅት ማሳየት ሲጀምር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በዚያ በመጀመሪያ የታዩት በኦሪገን ሥራ ያጡ፥ ቤታቸውን ጥለው በአላስካ ወርቅ ለማግኘት የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ መሣሪያቸውም ኤክስካቫተርና ገልባጭ መኪና ነበረ። ዝግጅቱ እጅግ ተወደደ። ነገር ግን ተመልካቹ ወርቅ ፈላጊ ማለት ተራራ የሚገለብጥ ሰው ነው ብሎ እንዲያምን አደረገው፤ ሳሕንና አካፋ ይዞ በወንዝ ዳር የሚንበረከከው ሰው ደግሞ ያልሠራውን ጥፋት ተሸካሚ ሆነ።

ሳይሠራ የተሸከመው ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር፤ የሠራውም አለ። በካሊፎርንያ ወንዞች ከሳሕኑ ሌላ አሸዋ መጣጭ ሞተር የሚባል ነበረ፤ በሁለት ተንሳፋፊዎች ላይ የተጫነ ሞተር ነው፤ ፈላጊው የጠላቂ ልብስ ለብሶ ወደ ወንዙ ወለል ይወርድና በሰፊ ቱቦ አሸዋውንና ጠጠሩን ያስመጥጣል፤ የተመጠጠውም ተንሳፋፊ በሆነው ወንፊት ሳጥን ላይ ሲያልፍ ከባዱ ወርቅ ይቀራል፥ ቀላሉ አሸዋ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይፈስሳል። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ፥ ተራው አሸዋ ግን ሦስት እጥፍ እንኳ የማይሞላ ክብደት ስላለው መለየቱ ቀላል ነው። በሰሜን ካሊፎርንያ በክላማት ወንዝ ዳር፥ ሃፒ ካምፕ በተባለችው መንደር፥ በ1849 በመጡት ስደተኞች ስም አዲሶቹ አርባ ዘጠኞች ብሎ ራሱን የሰየመ ማኅበር አባላቱን በዚህ ሞተር ያሠራ ነበር። ክላማት ግን የካሩክ ነገድ አገር ነው፤ ነገዱ እስከ ዛሬ ኢሺ ፒሺ በተባለው ፏፏቴ በመረብ ሳልሞን ያጠምዳል፤ በዚያ ወንዝ ከሚኖሩት የሳልሞን ዓይነቶች አንዱ፥ ኮሆ የሚባለው፥ በ1997 የመጥፋት አደጋ ያሰጋቸዋል ከተባሉት ፍጥረታት ጋር ተመዝግቧል። በ2005 ነገዱ ስለ ሞተሮቹ የክፍለ ሀገሩን መንግሥት ከሰሰ።

ፈላጊዎቹ በዚያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረቡት ዋነኛ መከራከሪያ ብልህነት የተሞላበት ነበረ፤ እኛ ወንዙን እናጸዳለን አሉ። እውነትም አላቸው። የ19ኛው መቶ ዓመት ማዕድን አውጪዎች ብናኙን ወርቅ ለመያዝ ባዜቃ፥ ዛሬ ሜርኩሪ የምንለውን፥ በገፍ ያፈስሱ ስለ ነበረ፥ በመላው ካሊፎርንያ በአሸዋ ውስጥ ወርቅ ከሚለቀምባቸው ስፍራዎች 10 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያህል ባዜቃ ጠፍቶ እንደ ቀረ የአሜሪካ የሥነ ምድር ሊቃውንት ገምተዋል። ተራራውን በውኃ ኃይል እየናደ ሸለቆውን በደለል የሞላውን ያንን ሥራ ዳኛ ሎሬንዞ ሶየር በ1884 በፍርድ አስቁመውታል፤ ባዜቃው ግን እስከ ዛሬ በወንዞቹ ወለል ተኝቷል። ባለ ሞተሩ ፈላጊ በሳጥኑ ውስጥ ከወርቁ ጋር የብር መልክ ያለው የሚንከባለል ጠብታ ሲያገኝ በማሰሮ ይሰበስበው ነበር። የካሊፎርንያ የውኃ ባለሥልጣን ሠራተኞች በአሜሪካን ወንዝ ላይ ሞተሩን ፈትነው በ2005 ባወጡት ዘገባ፥ ሞተሩ ያገኘውን ባዜቃ 98 ከመቶ እንደሚይዝ መሰከሩ። ፈላጊዎቹ ይህን ቁጥር በየአደባባዩ ይዘውት ዞሩ። ነገር ግን ያው ዘገባ የቀረው 2 ከመቶ እጅግ ደቅቆ፥ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ወደ ታች እንደሚፈስስ ይናገራል፤ በወለሉ ተኝቶ የነበረው መርዝ በዚህ ዓይነት ወደ ዓሣውና ዓሣውን ወደሚበላው ሰው ለመድረስ መንገድ ያገኛል። የላላው ጠጠር ሳልሞኑ እንቁላሉን የሚጥልበትን ወለል ያዘጋጃል የሚለውም ሁለተኛው ክርክር እንደዚሁ ነው፤ ዓሣው በእርግጥ ይጥልበታል፥ ነገር ግን የተከመረው ጠጠር ስላልረጋ በክረምቱ ጎርፍ ከነእንቁላሉ ሊወሰድ ይችላል። የዘገባውን ግማሽ አንብቦ የሚናገር ሰው፥ ሌላውን ግማሽ ያነበበ ባላጋራ ሲመጣበት ከዚያ በኋላ የሚናገረው እውነት እንኳ ይጠረጠርበታል።

ከዚህ የበለጠ የጎዳቸው ግን በሁለት መልክ መቅረባቸው ይመስለኛል። ለጋዜጠኛውና ለጎረቤቱ ሲናገሩ እኛ የዕረፍት ቀናችንን ከልጆቻችን ጋር የምናሳልፍ፥ ማንንም የማንጎዳ ሰዎች ነን ይላሉ፤ በፍርድ ቤት ሲቆሙ ደግሞ በ1872ቱ የአሜሪካ የማዕድን ሕግ መብታቸው የጸናላቸው፥ ሥራቸው ሊከለከል የማይገባ ማዕድን አውጪዎች ሆነው ይቀርባሉ። ሁለቱም በየበኩሉ የሚያስኬድ ምክንያት አለው፤ በአንድ ሰው አፍ ሲሆኑ ግን ሰሚው ከሁለቱ አንዱን ማመን ይቸግረዋል፤ መዝናኛ ከሆነ ለሳልሞኑ ሲባል ቢቀር ምን ይጎዳል ይላል፥ ኢንዱስትሪ ከሆነም እንደ ኢንዱስትሪ ለምን አትመረመሩም ይላል። በ2009 ነሐሴ ወር ገዥው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር በፈረሙት ሕግ ሞተሮቹ በካሊፎርንያ ሁሉ ታገዱ፤ በ2016 ነሐሴ 22 ቀን የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1872ቱ ሕግ የካሊፎርንያን እግድ አይሽርም ብሎ በየነ። በዚህ ሁሉ ዘመን የካሩክ ሰዎች ለጋዜጠኞች ያሳዩት በፏፏቴው ላይ መረብ ይዞ የቆመ አጥማጅ ነበረ፤ ከዚያ ወንዝ ሌላ የሚሄድበት እንደሌለው ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም ነበር። በአንጻሩ ፈላጊዎቹ ስፍራቸውን በመሰወር የኖሩ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ወንዙን እንወደዋለን ለማለት በተነሡ ጊዜ የሚያሳዩት ወንዝ አልተዘጋጀላቸውም፤ ሲያሳዩን የኖሩት መዳፋቸውን ብቻ ነበርና።

ይህ ሁሉ ክርክር የማይነሣበት አንድ ስፍራ አውቃለሁ። በሰሜን ፊንላንድ፥ በላፕላንድ፥ ታንካቫራ በተባለችው የወርቅ መንደር በ1977 የመጀመሪያው የዓለም ወርቅ ማጠብ ውድድር ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ከአገር ወደ አገር እየዞረ ይደረጋል። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ባልዲ አሸዋ ይሰጠዋል፤ ዳኞቹ በውስጡ ከ5 እስከ 12 የሚደርሱ የወርቅ ቅንጣቶች አስቀድመው ቀብረዋል፤ ስንት እንደ ሆኑ ግን ተወዳዳሪው አያውቅም። በገንዳው ዳር ቆሞ ሳሕኑን እያሽከረከረ ቀላሉን አሸዋ ያፈስሳል፤ በመጨረሻ ከታች ጥቁሩ የብረት አሸዋና በጫፉ ብልጭ የሚሉት ቅንጣቶች ይቀራሉ፤ እነርሱንም አንድ በአንድ በጣቱ አንሥቶ ውኃ በተሞላ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይጨምራቸዋል። ለጠፋችበት ለእያንዳንዷ ቅንጣት ሦስት ደቂቃ በሰዓቱ ላይ ይደመርበታል፤ ስለዚህ በፍጥነቱ የታወቀ ሰው በአንዲት ቅንጣት ምክንያት ከኋላው የነበሩት ሁሉ ሲያልፉት ይታያል። ልጆችና ሽማግሌዎች በየተራቸው ይወዳደራሉ፤ ጋዜጠኛውም ካሜራውን እስከ ሳሕኑ ከንፈር ድረስ ያስጠጋል፥ ማንም ራቅ በል አይለውም።